የወንዙ ድርሻ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፰፻፸፭ ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ወር ሲጋመስ፣ በፑንጃብ ምድር የሚወርደው የቼናብ ወንዝ እንደ ልማዱ ጎድሎና ከስቶ፣ በሰፊው የአሸዋ መኝታው ላይ በሦስት ቀጫጭን ጅረቶች ተከፍሎ ይፈስስ ነበር፤ በዳርና ዳሩ ያለው ረጅም ሣር ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ ጎሾቹም አፍንጫቸውን ብቻ አስቀርተው ጭቃው ውስጥ ተዘፍቀው ይውላሉ። ከዚህ ሁሉ መካከል የእንግሊዝ መንግሥት የሚያሠራው የባቡር ድልድይ ምሰሶዎች ከዳር እስከ ዳር ተሰልፈው ይታያሉ። አሥራ ሁለት ናቸው። አሥራ አንዱ ቀጥ ብለው ሲነሡ፣ ከዋናው ጅረት መካከል ያለው ሰባተኛው ግን ገና ከእግሩ ሳይነሣ፣ ወገቡን እንዳመመው ሰው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ቀርቷል።

በቼናብ ላይ ድልድይ የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚታገለው ከአሸዋ ጋር ነው። የምሰሶው እግር እንዲህ ይሠራል፤ ከጠንካራ እንጨት የተበጀ ክብ ቀለበት አሸዋው ላይ ይቀመጣል፤ በቀለበቱ ላይ ክብ የጡብ ግንብ ይገነባል፤ ጠላቂዎች ወደ ግንቡ ሆድ ገብተው ከሥሩ ያለውን አሸዋ እየዛቁ ሲያወጡት፣ ግንቡ በገዛ ክብደቱ ይሰምጣል። ከላይ ይገነባል፣ ከሥር ይዛቃል፤ ይህም ከአሸዋው በታች ያለው ጠንካራ ሸክላ አፈር እስኪረገጥ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የግንቡ ሆድ በኖራና በጠጠር ተሞልቶ ምሰሶው ይቆምበታል። ሸክላውን ያልረገጠ ምሰሶ በበጋ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ክረምት ሲመጣ የጎርፍ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠሩት ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ ሰውንም ከብትንም በጀልባ ሲያሻግሩ የኖሩት የቤላ ጃንዱ መንደር ሰዎች ነበሩ። አለቃቸው ሚራን ባክሽ ይባላል፤ ደረቱ ሰፊ፣ ጢሙ በሂና የቀላ፣ ለረጅም ዘመን ውሃ ውስጥ ከመዋል የተነሣ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ጠላቂው የሸክላውን ጓል ከወንዙ ሆድ ይዞ ሲወጣ፣ አለቃው በምላሱ ይቀምሰዋል፤ አሸዋ ካላገኘበት ግንቡን እንደ ሴት እየጠራ «ተቀምጣለች» ይላል፤ ያን ጊዜ ከበሮ ይመታና ጥቁሩ የአገዳ ስኳር ይመጣል። የመጀመሪያው ቁራጭ የወንዙ ጌታ ለሆነው ለኽዋጃ ኽድር ወደ ውሃው ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ በግንቡ ላይ ለተገኘ ሁሉ፣ ሙስሊም ይሁን ሂንዱ፣ ወዳጅ ይሁን ጠላት፣ አንድም ሰው ሳይዘለል ይታደላል።

የአውራጃው የሕዝብ ሥራዎች የበላይ ተቆጣጣሪ ኮሎኔል ፊንች ይህን ልማድ ሰምቶ ነበር፤ ሰምቶም ግማሹን ብቻ ያዘ። በዚህ አገር ሠላሳ ዓመት የኖረ፣ የአገሬውን ልብ ከአገሬው ይበልጥ አውቃለሁ ብሎ የሚያምን፣ ይህንንም እምነቱን እራት ላይ ሳይናገር ያላደረ ሰው ነው። «የዚህ አገር ሰው ለእኔም ይዋሻል፣ ለእናንተም ይዋሻል፣ ለፈጣሪውም ይዋሻል» ይላል፤ «ስኳሩን በልቶ ግን ለወንዙ አይዋሽም»። ስለዚህም ምሰሶ ለመመርመር ሲመጣ የመለኪያ ገመድ ወደ ጉድጓዱ ማውረድ ትቷል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠላቂዎቹ ስኳሩን በልተዋል ወይስ አልበሉም? በልተው ከሆነ ምሰሶው አለፈ ማለት ነው። የመንግሥት ሥራ የሚመረመረው በዚህ ዓይነት ስንፍና ነበር፤ ስንፍናውም ጥበብ ይባል ነበር።

የድልድዩ መሐንዲስ ኦስዋልድ ትሬገር ይባላል። ኮርንዎል ከሚባል የማዕድን አገር የመጣ የአናጢ ልጅ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ይዞ በመርከብ ሲደርስ፣ ባለ ማዕረጎቹ እንግሊዞች አነጋገሩን እየሰሙ ይሥቁበት ነበር፤ እርሱም ከእነርሱ ይልቅ ከሠራተኞቹ ጋር መዋልን መረጠ። ቦይ ቆፈረ፤ ግድብ አቆመ፤ ቋንቋውን ተማረ፤ ከጠላቂዎቹ ማሰሮ ውሃ ጠጣ። አንድ ጊዜ የጉድጓድ ግንብ ተንዶ ሚራን ባክሽን ከሥር ሲቀብረው፣ ትሬገር ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ዘሎ ገብቶ በገዛ እጁ ጎትቶ አውጥቶታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽማግሌውን «ቻቻ» ይለዋል፤ አጎቴ ማለቱ ነው፤ ሽማግሌው ግን እንደ ሌላው ሰው «ሳሂብ» ይለዋል፤ ጌታዬ ማለቱ ነው። ይህን የምጽፈው ለሰውየው ልራራለት ብዬ አይደለም። ከጥንቱም ክፉ የነበረ ሰው ክፉ ቢሠራ ማን ይደነቃል? የሚያቅለሸልሸኝ ደግ የነበረው ነው።

አሁን አርባ አራት ዓመቱ ነው። ኮርንዎላዊ አነጋገሩን አጥፍቷል፤ ሆዱ ወደ ፊት መጥቷል፤ ሚስቱ በተራራው ከተማ በሙሪ ከባለ ማዕረጎቹ ሚስቶች ጋር ሻይ ትጠጣለች፤ ኮሎኔል ፊንችም በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ስለሚወጣ የበላይ ተቆጣጣሪነቱ ወንበር ባዶ ይሆናል። ወንበሩ ድልድዩን በጊዜው ለጨረሰ ሰው ነው። የፑንጃብ እንደራሴ በሚያዝያ መጥተው እንደሚመርቁትም ተነግሯል። በትሬገርና በወንበሩ መካከል የቆመው ነገር አንድ ነው፤ ሰባተኛው ጉድጓድ ከአሸዋው ሥር ከተቀበረ የጥንት ግንድ ጋር ተጋጭቶ፣ አዘንብሎ፣ አልሰምጥም ብሏል።

ትሬገር አንድ ማለዳ በጀልባ ወደ ግንቡ መጣ። ሚራን ባክሽ ከግንቡ አፍ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ ጃኒ የተባለው አማቹ ከውሃ ገና መውጣቱ ነበርና ጨርቅ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል።

«ቻቻ፣ ሰባተኛዋ እንዴት አደረች?» አለ ትሬገር።

«እንደ ትናንቱ ናት ሳሂብ። ግንዱ ላይ ቂብ ብላ አልወርድም ትላለች።»

«ግንዱ አይቆረጥም?»

«ይቆረጣል እንጂ። ጃኒ መጥረቢያ አሳርፎበታል። ግን ከሱ ሥር ሌላ ግንድ አለ፤ ከዚያም በታች አሸዋ ነው። ሸክላው ገና ሩቅ ነው ሳሂብ። የተራራው በረዶ ቀልጦ ውሃው ከመሙላቱ በፊት አንደርስበትም። በሚመጣው በጋ ግን በሰላም ትቀመጣለች፤ እኔ አለሁ።»

«የሚመጣው በጋ የለም። ክቡር እንደራሴው በሚያዝያ ይመርቃሉ።»

«ታዲያ እስከ ስድስተኛዋ ድረስ ይመርቁና ይመለሱ» አለ ጃኒ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፤ «የቀረውን እኛ በጀልባ እናሻግራቸዋለን።»

ጠላቂዎቹ ሣቁ፤ ትሬገርም አብሮ ሣቀ። ሣቁን ሳይጨርስ ግን ወደ ሚራን ባክሽ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ቻቻ፣ ስኳሩ ቢታደልስ?» አለ።

ሽማግሌው ቀልድ መሰለው። «ጣፋጭ አማረዎት እንዴ? ልጄ ሳርዳራን ቤት አለች፤ ትላክልዎት።»

«ቀልዴን አይደለም። ኮሎኔሉ ሐሙስ ይመጣል።»

«ሙሽራዋ ሳትመጣ ሠርግ ብሉ እያሉን እኮ ነው» አለ ጃኒ፤ በዚህኛው ግን ማንም አልሣቀም።

«ሳሂብ» አለ ሚራን ባክሽ ቀስ ብሎ፣ «ከዚህ ግንብ በታች ያለውን እርስዎ ከእኔ እኩል ያውቁታል። ለምን እኔን ይጠይቁኛል? ለኮሎኔሉ እርስዎ ራስዎ ደርሷል አይሉትም?»

«ኮሎኔሉ የሚያየው የአንተን አፍ ነው፤ የእኔን አይደለም።»

«አፌ ይቅርብዎት ሳሂብ» አለ ሽማግሌው፤ ተነሥቶም ጀርባውን ሰጠው።

ትሬገር በማግሥቱ ወደ መንደሩ ሄደ። የገመድ አልጋ ወጣለት፤ ሳርዳራን አሬራ በነሐስ ኩባያ አቀረበችለት፤ እርሱም እንደ ድሮው ጨለጠው፤ የልጆቹን ስም እየጠራ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የመጣበትን ነገር በለስላሳ አንደበት አወጣው። ድልድዩ ሲከፈት በጀልባ የሚሻገር ሰው እንደማይኖር፣ ጀልባ ከሌለ ደግሞ ቤላ ጃንዱ በምን እንደምትኖር እርሱም ሆነ እነርሱ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ትሬገር አንድ ቃል ገብቶላቸው ነበር፤ ከወንዙ በላይ ያለውን የመንግሥት መሬት ለእርሻ ሊያሰጣቸው።

«መሬቱ የእናንተ ነው» አለ፤ «ቃሌ ቃል ነው። ግን ቃሌ የሚሠራው እኔ እዚህ ካለሁ ነው ቻቻ። ድልድዩን በጊዜው ካልጨረስሁ ሌላ ሰው ይተካኛል። የሚተካኝ ሰው አንተን አያውቅህም፤ ስምህንም አይጠራም።»

ማስፈራሪያው እንኳ ትሕትና ለብሶ መጣ። ቢጮህ፣ ቢሳደብ፣ አለንጋ ቢያነሣ የሚሻል ይመስለኛል፤ ሰው የሚገባበትን ያውቃል። ይህ ግን የሰውየውን አሬራ ጠጥቶ፣ ጢሙን በመሐረብ ጠርጎ፣ የልጅ ልጁን ራስ ዳብሶ ሄደ።

«አባ፣ ምን አለህ?» አለች ሳርዳራን ኩባያውን እያነሣች።

«ብላ አለኝ።»

«ትበላለህ?»

«ካልበላሁ እናንተ ምን ትበላላችሁ?»

ሳርዳራን ትሬገር የጠጣበትን ኩባያ ወስዳ በአሸዋ ፈተገችው፤ አጥባም አልጠገበችም፤ እንደገና ፈተገችው።

ሐሙስ ኮሎኔል ፊንች መጣ። በጀልባው ላይ ወንበር ተዘርግቶለት፣ ከበስተኋላው ሁለት ሰዎች ማራገቢያ ይዘው ቆመው፣ በዚያ ሙቀት የአሳማ ሥጋ ቁርሱን ገና እያላመጠ ነበር። ስቡ በአገጩ ላይ ያብረቀርቃል። ወደ ጉድጓዱ አላየም፤ ግንቡ ማዘንበሉንም ልብ አላለም። «ስኳራችን የት አለ?» አለና እንደ ድግስ እንግዳ እጁን አፋተገ።

ከበሮው ተመታ። ጃኒ ስኳሩን በቅርጫት አቀረበ፤ ዓይኑን ግን ከቅርጫቱ አላነሣም። ሚራን ባክሽ የመጀመሪያውን ቁራጭ አነሣ። እጁ በልማዱ ወደ ወንዙ ተዘረጋ፤ ተዘርግቶም ቆመ፤ ከዚያ ተመለሰና ቁራጩን በገዛ አፉ አኖረው።

ወንዙ ድርሻውን አላገኘም። ከበሮ መቺው አንድ ምት ሳተ፤ ጠላቂዎቹ ሁሉ ዓይናቸውን ወደ ግንቡ ጡብ ተከሉ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም፤ ትርጉሙን ግን ለማንኛቸውም መንገር አያስፈልግም። ሚራን ባክሽ በሰው ፊት በልቷል፤ ለወንዙ ግን አልዋሸም። ልማዱን የሚያውቅ ሰው ካለ ይየው ብሎ፣ በር ገርበብ አድርጎ ትቶ ነበር።

ልማዱን አውቃለሁ ባዩ ኮሎኔል ምንም አላየም። «ተመልከት ትሬገር፤ በሉት እኮ» አለና አጨበጨበ፤ ለእርሱም ከተሰጠው ቁራጭ ጥግ ጥጉን ቆረጠመ። ትሬገር ግን አየ። ሃያ ዓመት ሙሉ በግንብ ላይ ቆሞ ያ የመጀመሪያ ቁራጭ ውሃውን ሲመታ ሰምቷል። ሽማግሌው ከነጉንጩ እብጠት ቀና ብሎ አየው፤ ጠበቀው። አንድ ቃል ትበቃ ነበር። ትሬገር ጫማውን ሲመረምር ቆየና፣ ለኮሎኔሉ የወይን ብርጭቆ እንዲመጣለት አዘዘ።

ሚራን ባክሽ ጀልባው ከሄደ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ አስታወከው። ያስታወከውም ወደ ውሃው እንዳይደርስ በእግሩ አሸዋ እየገፋ ቀበረው።

የጉድጓዱ ሆድ በጥድፊያ በኖራና በጠጠር ተሞላ፤ ምሰሶው በላዩ ቆመ፤ ብረቱ ተዘረጋ። በሚያዝያ ክቡር እንደራሴው ከነአጀባቸው መጡ። ድንኳን ተተከለ፤ ሻምፓኝ ተከፈተ፤ በረዶ ከተራራ በበቅሎ ተጭኖ መጥቶ ከመንገድ የተረፈው ዓሣ ማቀዝቀዣ ሆነ፤ ሙዚቀኞች በወፍራም ልብሳቸው ውስጥ ላብ እያጠመቃቸው ነፉ። የቤላ ጃንዱ ጀልባዎች የድልድዩን መልክ ያበላሻሉ ተብሎ ከሣሩ ጀርባ እንዲደበቁ ተደረገ። እንደራሴው፣ ሚስተር ትሬገር አረመኔውን ወንዝ ለሥልጣኔ ያስገበረ ጀግና ነው ብለው ተናገሩ፤ በደረቱም ላይ የወርቅ ቅብ ሜዳሊያ አንጠለጠሉለት። ባቡሩ ሲያልፍ ሁሉም ባርኔጣውን አወለቀ። ሰባተኛው ምሰሶ ለዚያ ቀን ቆመ።

ትሬገር ቃሉን ጠበቀ፤ መሬቱን አሰጣቸው። ከሁሉ ይልቅ ይህ ያስጠላኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲያ ሰውየው በገዛ ዓይኑ ፊት ባለ ቃል ኪዳን ሆኖ ይተኛ ነበር። ሹመቱንም አገኘ። ነገር ግን ከምርቃቱ ማግሥት ጀምሮ የድንጋይ ጋሪዎች ወደ ሰባተኛው ምሰሶ ይመላለሱ ጀመር፤ የቀን ሠራተኞች ከድልድዩ ላይ ሆነው በምሰሶው ዙሪያ ድንጋይ ሲጥሉ ይውላሉ። ሌሎቹ ምሰሶዎች አንዲት ጠጠር አልደረሳቸውም። ለምን እንደሆነ የጠየቀ አለቃ የለም፤ ትሬገርም «ለጥንቃቄ ነው» ከማለት በቀር የተናገረው ነገር የለም።

ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ፣ ከተራራው ለሳምንት ያላባራ ዝናብ ወርዶ፣ ቼናብ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ቡናማ ባሕር ሆነ፤ ዛፍ ከነሥሩ፣ ጎሽ ከነቀንዱ፣ የሣር ጎጆ ከነዶሮዋ እያንከባለለ መጣ። ከቀትር በኋላ ሚራን ባክሽ በአዲሱ መሬቱ ላይ ቆሞ ወንዙን ሲመለከት ሰባተኛው ምሰሶ ራሱን ሲነቀንቅ አየ። ድንጋይ ጣዮቹ ድልድዩ ላይ ነበሩ። ጮኸላቸው፤ የውሃው ድምፅ ድምፁን ዋጠው። የምዕራቡ ባቡር የሚመጣበትን ሰዓት ያውቅ ነበርና የሳርዳራንን ቀይ ሻሽ ከራሷ ላይ ነጥቆ በዚያ ዕድሜው ወደ ሐዲዱ ሮጠ።

ባቡሩ ከድልድዩ አፍ አጠገብ ሲደርስ እያቃሰተ ቆመ። ነጂው ከነጥላሸቱ ብቅ አለ። «አንተ ሽማግሌ፣ ሰክረሃል? ከመንገድ ዞር በል።»

«ሰባተኛዋ ልትሄድ ነው ልጄ።»

«ማን ነገረህ?»

ሚራን ባክሽ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሰባተኛው ምሰሶ ጎንበስ አለ፤ በሁለት ወገን የተሸከመውን ብረትም ይዞ ወደ ጎርፉ ገባ። ድንጋይ ጣዮቹም አብረው ሄዱ። ከተሳፋሪዎቹ አንዳንዱ ከባቡሩ ወርዶ የሽማግሌውን እግር ሳመ፤ አንዲት ፈረንጅ ሴት እጁን ይዛ አለቀሰች። እርሱ ግን ሰዎቹ የሰመጡበትን ውሃ ያይ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሚራን ባክሽ ታሰረ።

ክሱ እንዲህ ነበር፤ ጉድጓዱ ሸክላውን ሳይረግጥ ረግጧል ብሎ በልማዱ አረጋግጦ፣ የመንግሥትን መሐንዲሶች አታልሎ፣ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ባቡሩን ማዳኑ እንኳ ማስረጃ ሆነበት። «ከመውደቁ በፊት ሰባተኛው መሆኑን በምን አወቅህ?» አለው ዐቃቤ ሕጉ፤ «ያላበላሸ ሰው የተበላሸውን እንዴት ያውቃል?» ትሬገር ሳሂብ አስገድዶኝ ነው ብሎ ሲናገር፣ የተከሳሽ ቃል ነው ተባለ። ጃኒ ሲመሰክርለት፣ የአማች ቃል ነው ተባለ። ኮሎኔል ፊንች ግን ወንበር ቀርቦለት፣ ውሃ ቀርቦለት፣ በታላቅ ሐዘን መሰከረ። «በዓይኔ አይቻለሁ፤ በልቷል። በዚህ አገር በኖርሁበት ዘመን ስኳሩን በልቶ የዋሸ ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ልቤን ሰብሮታል።» አዳራሹ በሐዘን አጉረመረመ፤ ለኮሎኔሉ ልብ ነው ያዘኑት።

ከዚያ ትሬገር ተጠራ። ተከሳሹ ስኳሩን ሲበላ አይቶ እንደሆነ ተጠየቀ። «አይቻለሁ» አለ፤ ይህስ እውነት ነው።

ሚራን ባክሽ ከተከሳሹ ሣጥን ውስጥ ተነሣ። «ዳኛ ሳሂብ፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ። የወንዙን ድርሻ ጥያለሁ ወይስ አልጣልሁም? ይህን ትሬገር ሳሂብ ያውቁታል። ካልተጣለ ተቀምጣለች አልተባለም ማለት ነው። ይህንንም ያውቁታል።»

ዳኛው መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ትሬገር ዞረ። «ሚስተር ትሬገር፣ ሰውየው የሚለው ነገር ትርጉም አለው?»

ትሬገር አንገቱን ላብ አጥምቆት ነበር፤ በመሐረብ ጠረገው። «የአገሬው አጉል እምነት ነው ክቡር ዳኛ። ከምሕንድስና ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።»

«ቢሆንም ቁራጩ ተጥሏል ወይስ አልተጣለም?»

«አላስተዋልሁም።»

ሚራን ባክሽ ወደ ትሬገር ዞረ። የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ የበላው ነገር እንደገና ወደ ጉሮሮው የመጣበት ሰው ይመስል ነበር። «ያን ጊዜ ከተናደው ግንብ ሥር ለምን አወጣኸኝ?» አለው፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብሎ ጠራው። አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመውም። ትሬገር ግን አስተርጓሚ አያስፈልገውም ነበር።

ተፈርዶበትም፣ አገሬው ጥቁሩ ውሃ ከሚለው ባሕር ማዶ፣ ወደ እስረኞቹ ደሴቶች ወደ አንዳማን፣ ለዕድሜ ልክ ተላከ። የመንደሩ መሬትም በእርሱ ስም የተሰጠ ስለነበር፣ የወንጀለኛ ንብረት ነው ተብሎ ለመንግሥት ተመለሰ። ሚራን ባክሽ በዚያ ደሴት ሁለተኛውን ክረምት አላየም ይባላል፤ የት እንደተቀበረ ግን የሚያውቅ የለም።

በሚቀጥለው በጋ ሰባተኛው ጉድጓድ እንደገና ተቆፈረ። የቆፈሩትም እነዚያው የቤላ ጃንዱ ሰዎች ናቸው፤ ጀልባውን ሸጦ መሬቱን የተነጠቀ ሰው የማይሠራው ሥራ የለም። ግንዶቹ ተቆረጡ፤ ሚራን ባክሽ እንዳለውም በዚያው በጋ ሸክላው ተገኘ። አለቃ የሆነው ጃኒ ጓሉን በምላሱ ቀምሶ «ተቀምጣለች» አለ። የበላይ ተቆጣጣሪው ሚስተር ትሬገር በነጭ ልብስ ሆኖ ግንቡ ላይ ቆሞ ነበር። ከበሮው ተመታ። ጃኒ የመጀመሪያውን ቁራጭ አነሣና፣ ክንዱ እስከቻለለት ድረስ አርቆ ወደ ወንዙ ወረወረው፤ ጠብ ሲል ሁሉም ሰሙት። ከዚያ ማደል ጀመረ፤ ልማዱ ማንንም መዝለል አይፈቅድምና ትሬገርም ዘንድ ደረሰ።

«ይብሉ ሳሂብ» አለው።

ትሬገር መዳፉን ዘረጋ። እምቢ ይላል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቢያንስ ፊቱን ያዞራል ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ ተሞኝቷል። በላው፤ ሙቀቱ ስኳሩን አቅልጦት ስለነበር ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሳቸው።

ድልድዩ አሁንም አለ። በምሥራቁ በር ላይ የትሬገር ስም በእብነ በረድ ተቀርጿል፤ ከሰባተኛው ምሰሶ ጋር የሄዱት ድንጋይ ጣዮች ስም የትም አልተጻፈም፤ የሚራን ባክሽ ስም ከወንጀለኞች ጋር ተዘርዝሮ ቀርቷል። ትሬገር በክብር ጡረታ ወጥቶ፣ ባዝ በምትባል የእንግሊዝ የፍል ውሃ ከተማ አርጅቶ፣ በአልጋው ላይ ሞተ። በግብዣ ላይ ጨዋታ አዋቂ ነበር አሉ፤ በተለይ አንዱን ጨዋታውን እንግዶቹ ሁሉ ይወዱለት ነበር፤ የቼናብ ጠላቂዎች የሸክላውን ጓል እንዴት እንደሚቀምሱ፣ ከበሮው እንዴት እንደሚመታ፣ ስኳሩም ለወዳጅና ለጠላት ሳይለይ እንዴት እንደሚታደል ይነግራቸው ነበር። የከበሮውን ምት በጠረጴዛው ላይ በጣቶቹ እየመታ ሳይቀር ያሳያቸዋል። የመጀመሪያው ቁራጭ ለወንዙ እንደሚጣል ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።